መልስዎ ለጥናቱ ብቻ ይውላል

ሰብለወንጌል ተክለሃይማኖት የእናቷ ቤት እንዲሸጥ አትፈልግም። ይህን እሷ ታውቃለች፣ እግዚአብሔር ያውቃል፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። ከእናታቸው ከወይዘሮ ተሻለች ተዝካር በኋላ ታላቅ ወንድሟ ሰይፈሚካኤል ወደ አዲስ አበባ ሊመለስ ሻንጣውን መኪናው ላይ እየጫነ፣ ፊቱን ወደ ሻንጣው እንዳዞረ፣ «ቤቱን ምን እናድርገው? ብንሸጠው ምን ይመስልሻል?» አላት። እሷም መሬት መሬት እያየች «እንደፈለግህ ጋሼ» አለች። እሱ ትንሽ ቆም አለና «እንግዲህ አንቺ ካልሽ» ብሎ የመኪናውን በር ዘጋ። በቃ፣ ያን ሁሉ ዘመን የኖሩበት ቤት ዕጣ በዚሁ ተቆረጠ። በዚህ አገር ስንቱ ንብረት ተሸጧል፣ ስንቱ ትዳር ተይዟል፣ በዚች «እንደፈለግህ» በምትባል ቃል።

ለምን እምቢ አላልሽም ብሎ የሚጠይቃት ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፤ ይሉኝታ ያዛት። ወይዘሮ ተሻለች ግማሽ ጎናቸው ደንዝዞ አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ ያገላበጠች፣ ያጠበች፣ ያጎረሰች እሷ ናት። አሁን «ቤቱ አይሸጥ» ብትል ሰው ምን ይላል? «አይ፣ ለካ እናቷን ያስታመመችው ቤቱን ለብቻዋ ለማስቀረት ኖሯል» ይላል። ሰው ባይል ወንድሟ ያስባል። ወንድሟ ደግሞ ልጆቹን ይዞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የተጨናነቀ ሰው ነው፤ ድርሻዬን ቢል ምን ይፈረድበታል? ስለዚህ ውክልናውን ፈርማ ሰጠችው። ገዢ ተገኘ ሲላት «ጥሩ» አለች። ውሉ ከፋሲካ በኋላ ይፈረማል ሲላት «ጥሩ» አለች። ከዚያ ስልኩን ዘግታ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ቤቱ እንኳ የሚታይ ነገር የለውም። አዳማ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያለ የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ ቀትር ላይ ሲግል ጠቅ ጠቅ ይላል። አባቷ አቶ ተክለሃይማኖት የባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ የበረንዳው ምሰሶዎች ከሀዲድ ሥር ተነቅለው የተጣሉ ወፋፍራም እንጨቶች ናቸው፤ ሙቀቱ ሲበረታ እስከ ዛሬ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታሉ። ሰብለወንጌል ይህን ሽታ ትወደዋለች። ልጅ ሆና ባቡሩ ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሚያወራ ሰው ሁሉ ወሬውን ያቋርጣል፤ ባቡሩ ካለፈ በኋላ እናቷ ካቆሙበት ቃል ላይ አንድም ሳይስቱ ይቀጥላሉ። ጎረቤት «ተሻለች ባቡር እንኳ አያስረሳትም» ይል ነበር። አሁን ያ ባቡር የለም። አዲሱ ባቡር ከተማውን ርቆ ያልፋል፤ ማንንም ወሬ አያስቆምም።

ያቋረጠችውን ትምህርት እንደገና የጀመረችው እናቷ ካረፉ በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲላት ነው። ድሮ ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ታጠና ነበር፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ እናቷ ወደቁና ሻንጣዋን ይዛ መጣች። «ለአንድ ሴሚስተር ነው» ብላ ነበር የመጣችው። ያቺ አንዲት ሴሚስተር ጠጉሯ እስኪሸብት ቆየች። በመሐሉ ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ካለ የትራንዚት ቢሮ ተቀጥራ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፣ የዕቃ ማሳወቂያ ቅጽ፣ ስትሞላ ኖረች። አሁን አንድ የግል ኮሌጅ በኦንላይን ትምህርቱን ካቆሙበት ማስቀጠል ይቻላል ሲል ሰማችና ተመዘገበች። የመጀመሪያው ኮርስ የድርሰትና የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ ነው። ይህን ካላለፈች ሌላውን መውሰድ አትችልም።

ከሥራ መልስ ስልኳን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፋ ዙም ትገባለች። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ይደረደራሉ፤ አብዛኛው ጥቁር ነው፤ ፊቱን የሚያሳይ የለም። አንዳንዴ አንዱ ማይኩን መዝጋት ይረሳና የልጅ ለቅሶ ወይም የሚኒባስ ረዳት ጩኸት ክፍሉን ይሞላዋል። ሰብለወንጌል ያኔ የጥንቱ የመማሪያ ክፍል ትዝ ይላታል። የተጫረው ዴስክ፣ በመስኮቱ የሚገባው የሣር ሽታ፣ ቤተ መጻሕፍት ቦታ ለመያዝ ነጠላዋን ወንበር ላይ ጥላ ምሳ መሮጧ፤ ያኔ የተለየ ነገር አልመሰላትም ነበር። ደግነቱ ኔትወርኩ ይቆራረጥና ለትዝታም ብዙ ፋታ አይሰጥም።

መምህርቷ ጋዲሴ ትባላለች። ከሰብለወንጌል በብዙ የምታንስ፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ ግን ምሕረት የማታውቅ ልጅ ናት። ሰብለወንጌል ለመምህርነቷ፣ እሷ ደግሞ ለሰብለወንጌል ዕድሜ ብላ እርስ በርስ «እርስዎ» ይባባላሉ። የኮርሱ ትልቁ ሥራ በሚኖሩበት ከተማ ስለተለወጠ አንድ ነገር አጥንቶ መጻፍ ነበር። ሰብለወንጌል «የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሰፈር» የሚል ርእስ መረጠች። ቤቱ መሸጡ ካልቀረ ቢያንስ በወረቀት ይቅር ብላ ነው። ያን ግን አልጻፈችም።

የመጀመሪያውን ረቂቅ ስትጽፍ ከሩቅ ጀመረች። ስለ ዓለም ከተሞች አጠቃላይ ሁኔታ አንድ አንቀጽ፤ ስለ አገራችን የቆዳ ስፋት አንድ አንቀጽ፤ ስለ ስምጥ ሸለቆ አፈጣጠር ሁለት አንቀጽ። ከዚያ ስለ አዳማ ነፋስ፣ ስለ ጋሪዎቹ፣ ከወንጂ ስለሚመጣው ሸንኮራ። ሰፈሩ ጋ ስትደርስ ወረቀቱ እያለቀ ነበር፤ ቤቱ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ «አንዳንድ ነባር ቤቶችም በመሸጥ ላይ ናቸው» በሚል አንድ መስመር ብቅ ብሎ ጠፋ። ጋዲሴ መለሰችላት፦ «ወይዘሮ ሰብለወንጌል፣ አማርኛዎ በጣም ያምራል። ዋናው ሐሳብዎ ግን የት ነው? የመጨረሻው ገጽ ላይ ያገኘሁት መሰለኝ። እባክዎ ወደ ፊት ያምጡት፤ አንባቢ መጠበቅ የለበትም።»

ሰብለወንጌል ይህን ስታነብ ፊቷ ቀላ። ሰው ቤት ገብቶ የእግዜር ሰላምታ ሳያቀርብ፣ ልጆቹን ሳይጠይቅ ጉዳዩን የሚዘረግፍ ሰው እንዴት ያለ ባለጌ ነው? እናቷ ጨው ለመበደር እንኳ ቢሆን ጎረቤት ሄደው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እግር ቁርጥማቱ ካነሡ በኋላ ነበር፣ ሊወጡ ተነሥተው በሩን ይዘው፣ «ውይ፣ ረስቼው፣ ጨው ይኖርሻል እንዴ?» የሚሉት። ያደገችው በዚህ ነው። ለትምህርት ተብሎ እንዴት ይተዋል?

ቀጥሎ ደግሞ ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ረቂቅ አንብቦ በሐቅ እንዲተች ታዘዘ። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ የአበባ ምስል ዘነበ። «በርታ ወንድሜ፣ ግሩም ሥራ ነው»፣ «ቃላት የለኝም እህቴ»። ክፍሉ በሙሉ ለዚህ ሥራ ዜሮ ተሰጠው። ጋዲሴ «እኔ የጠየቅኩት ትችት ነው፤ እናንተ ሠርግ ደገሳችሁ» አለች። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞከር የሰብለወንጌል ረቂቅ ለፎዚያ ደረሳት። ፎዚያ ዱከም ፋብሪካ ውስጥ የተሰፋ ልብስ የምትፈትሽ፣ ከሥራ ወደ ቤት በሚኒባስ ስትጓዝ የምታጠና ልጅ ናት። በድምፅ መልእክት መለሰች፤ ከኋላዋ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«እትዬ ሰብሌ፣ እንዳይቀየሙኝ። ዜሮው ስላስፈራኝ ነው። ጽሑፍዎን ሁለቴ አነበብኩት። ጋሪው፣ ሸንኮራው፣ ሁሉም ያምራል፣ ሆዴን አባባው። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቤቶቹ ይሸጡ ነው የሚሉት ወይስ አይሸጡ? እርስዎ ምን እንደሚፈልጉ አላወቅኩም። በቃ ይኼው ነው፤ አፉ በሉኝ።»

ሰብለወንጌል መልእክቱን ደጋግማ ሰማችው። «አመሰግናለሁ የኔ ቆንጆ፣ ጥሩ አስተያየት ነው፣ አስተካክለዋለሁ» ብላ መለሰች። ማስተካከሉ ግን እንደ ማለቱ አልሆነላትም። ብዕሯን አንሥታ «ቤቱ ባይሸጥ» ብላ ጀመረች፤ ወንድሟ ቢያነበውስ ብላ ሰረዘችው።

ቀጣዩ ሥራ ቃለ መጠይቅ ነበር። ጋዲሴ መመሪያውን በዝርዝር ሰጠች። መጀመሪያ «ይህ ቃለ መጠይቅ ለትምህርት የሚደረግ ነው፤ መልስዎ ለጥናቱ ብቻ ይውላል» ብላችሁ አንብቡ። ጥያቄውን እንደተጻፈው አንብቡ፤ ከራሳችሁ አትጨምሩ። ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ፤ ሰውየው ዝም ቢል እናንተም ዝም በሉ። «ሐበሻ ዝምታ ይጨንቀዋል፤ ቶሎ ገብቶ ያግዛል። እንዳታግዙ» አለች።

ሰብለወንጌል መጀመሪያ የሄደችው አጥር የሚለያቸው አዴ ቢሊሴ ጋ ነው። አዴ ቢሊሴ ባላቸው ጣቢያው ውስጥ ጭነት ተቆጣጣሪ የነበሩ፣ ከወይዘሮ ተሻለች ጋር ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ አሮጊት ናቸው። «አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ፣ ደህና ነሽ ልጄ?» ብለው ሳሟትና ወረቀቷን ሳያዩ ቆሎ አቀረቡ። መመሪያውን ስታነብላቸው ሳቁ።

«ምን ትጠይቂኛለሽ? ሁሉን አብረን አይደል ያየነው?»

«እንደማላውቅ ሆነው ይንገሩኝ፣ አዴ።»

ነገሯት። ባቡሩ ሲቃረብ ሴቱም ልጁም ቅርጫቱን ይዞ እንደሚሮጥ፣ ለአንድ አፍታ ያ ሁሉ አቧራ የብርቱካን ሽታ እንደሚሸት፤ እናቷ ለመንገደኛ ብለው በር ላይ የሚያስቀምጡትን በርሜል ውሃ፤ ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን በስም እየጠሩ ሲሰዳደቡ። «ኦሮሞው በአማርኛ ይሰድባል፣ አማራው በኦሮምኛ። ስድብ በሰው ቋንቋ ነው የሚጣፍጠው» አሉ። ሰብለወንጌል ስትስቅ ቆሎው ትን አላት። ከዚያ አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰይፉ ባለፈው ሲመጣ፣ አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ፣ ጓሮ ብቻውን ቆሞ ሲያለቅስ በአጥሩ አየሁት። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ ታየ አይባልም ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ለትምህርት ነው ካልሽ ልንገርሽ ብዬ ነው።»

ሰብለወንጌል ለእናቱ ነው ያለቀሰው ብላ አሰበች። እሷም ስንቴ አልቅሳለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን በወረቀቷ ላይ ከሚጠየቁት ሰዎች ተርታ የወንድሟን ስም ጻፈች። ከእሱ በላይ ጣቢያውን የሚያውቅ ማን አለ? ደውላ ጠየቀችው፤ «አርብ እመጣለሁ» አላት። ድምፁ የደከመው ሰው ድምፅ ነበር።

አርብ ከሞጆ ስትመለስ ወንድሟን በረንዳው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል፤ አንገቱን ላብ አጥምቆታል። ሁዳዴ ስለነበር ሽሮና ሰላጣ አቀረበችለት፤ ሁለት ሦስት ጎርሶ እጁን ሰበሰበ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለ።

«ምነው፣ ልጆቹ ደህና አይደሉም?»

«ደህና ናቸው። ቆይ ግን፣ ያንቺ ይቅደም። ጥያቄ አለኝ አላልሽም?»

ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ መቅጃውን ከፈተች። መነጽሯን አደረገችና በቢሮ ድምፅዋ አነበበች። «ይህ ቃለ መጠይቅ ለትምህርት የሚደረግ ነው። መልስዎ ለጥናቱ ብቻ ይውላል። ትክክል ወይም ስሕተት የሚባል መልስ የለም። ስምዎን ከነአባትዎ ቢነግሩን?»

«አንቺ ልጅ፣ አብደሻል እንዴ?»

«እንደተጻፈው አንብቢ ተብያለሁ፣ ጋሼ። ሌላ ካልኩ ነጥብ ይቀነስብኛል።»

ሰይፈሚካኤል እስኪበቃው ሳቀ። ቀጥሎ ግን ቀስ በቀስ ተስተካክሎ ተቀመጠ፤ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። «ሰይፈሚካኤል ተክለሃይማኖት» አለ፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው። ከሰው ልጅ «እርስዎ» ሲባል ቀና ብሎ የማይቀመጥ የለም፤ ጠሪዋ ታናሽ እህቱ እንኳ ብትሆን።

ስለ ጣቢያው ምን እንደሚያስታውስ ጠየቀችው። መናገር ጀመረ። ልጅ ሆኖ ብርቱካን እየሸጠ ባቡሩ ውስጥ ገብቶ መልስ ሲቀበል ባቡሩ ተነሥቶ ይዞት ሄደ። ሰብለወንጌል ይህን ታሪክ ታውቀዋለች፤ እናታቸው «ሊጠፋ ፈልጎ ነው» እያሉ ነበር የሚያወሩት። እሱ የሚያወራው ግን ሌላ ነው። መዝለል ፈርቶ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ፣ እናታቸው ነጠላቸው ወድቆ በባዶ ራሳቸው ከሀዲዱ ጎን ሲሮጡ፣ ባቡሩ በራቀ ቁጥር እያነሱ እያነሱ ሲሄዱ አይቷል። ሞጆ ላይ አወረዱት። አባቱ በጣቢያው ስልክ ደውለው ኖሮ ሰዎቹ ስሙን ያውቁ ነበር፤ ዳቦ በሻይ ሰጡትና በጭነት ፉርጎ፣ በቆዳ ክምር መሐል ወደ ናዝሬት መለሱት። ሲደርስ ጨለምለም ብሏል። ሰፈሩ በሙሉ ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። «እማዬ መታችኝ፣ ከዚያ አቀፈችኝ፣ ከዚያ እንደገና መታችኝ» አለ። «የዚያን ቀን የቆዳ ሽታ ለሳምንት አልለቀቀኝም።»

ሰብለወንጌል ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ በመነጽሩ ሸፈነችው። እናቷ ሲሮጡ ታያቸው። ያን ሁሉ ዓመት ያየቻቸው መራመድ አቅቷቸው ነው፤ የሮጡበት ዘመን እንደነበረ ረስታው ኖራለች። ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

«ይህ ቤት ለእርስዎ ምን ትርጉም አለው?»

ሰይፈሚካኤል ዝም አለ። ቆርቆሮው ጠቅ ጠቅ ይላል፤ መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። ሰብለወንጌል አፏ ላይ የመጣውን «ተወው ጋሼ፣ ሌላ እንለፍ» የሚል ቃል ዋጠችው። እንዳታግዙ ተብለዋል።

«ይኼ ላንቺ ነው ወይስ ለትምህርት ቤቱ?» አለ በመጨረሻ።

«ለጥናቱ ብቻ ይውላል።»

«እንግዲህ ለጥናቱ ከሆነ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ፤ ስልኩን እንጂ እሷን አያይም። «አዲስ አበባ ያለሁበት ፎቅ ላይ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም። የቤት ቁጥር ነኝ። እዚህ መንገድ ስገባ ሕፃን እንኳ የተሻለች ልጅ መጣ ይላል። ጡረታ ስወጣ እዚህ እመለሳለሁ ብዬ ነበር የኖርኩት። በረንዳው ላይ ወንበር አወጣለሁ፣ ጋዜጣ አነባለሁ፣ አዴ ቢሊሴ በአጥር ይሰድቡኛል። የማስበው እሱን ነበር። ሥራ ሲያስመርረኝ የማስበው እሱን ነው።»

ሰብለወንጌል ወደ ወረቀቷ አየች። ቀጣዩ ጥያቄ ስለ ውሃ አቅርቦት ነበር፤ አላነበበችውም። «ታዲያ ለምን ይሸጣል?» አለች። ይህ ወረቀቱ ላይ የለም።

«እህቴ ደክሟታል» አለ ሰይፈሚካኤል፣ አሁንም ለስልኩ። «ወጣትነቷን በሙሉ እዚህ ቤት ውስጥ ጨረሰች። ትምህርቷን፣ ትዳሯን፣ ሁሉን ተወች። እኔ በወር አንዴ ስኳርና ዘይት ይዤ መጥቼ እመለሳለሁ። አሁን አይሸጥ ብል፣ የእናቴን ቤት ጠብቂልኝ፣ እኔ ጡረታ ስወጣ እመጣለሁ ማለት ነው። እንዴት ብዬ? በየትኛው አፌ? ይሸጥ ብዬ ጠየቅኳት። እምቢ ብትል ደስ ባለኝ። እንደፈለግህ አለች። ልትገላገለው ትፈልጋለች፣ ደፍራ መናገር አፍራ ነው አልኩ።»

ሰብለወንጌል ወረቀቱን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፎዚያ በሚኒባስ ውስጥ ሆና የጠየቀቻትን፣ ጋዲሴ ወደ ፊት ያምጡት ያለቻትን፣ ያን ሁሉ ወር በሆዷ የያዘችውን አሁን መናገር ነበረባት፤ በራሷ ስም ግን አልወጣ አላት። እንደ እሱ ስልኩን አየች።

«እህትዎም እንዲሸጥ አልፈለገችም» አለች። «አንድም ቀን አልፈለገችም። ቤቱን ለራሷ አስቀረች እንዳትባል ፈርታ ነው። ወንድሜ ተቸግሯል ብላ ነው።»

ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ሲጨልም አየች። እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ፤ ምንም ሳያወጣ መለሰው።

«ዛሬ ጠዋት ፈረምኩ» አለ።

«ከፋሲካ በኋላ አይደል እንዴ?»

«ሰውየው ወደ ጅቡቲ ሊሄድ ነው፣ ካልተፈራረምን እተወዋለሁ አለ። ልነግርሽ የመጣሁት ይኼንን ነው። ብርታት እስኪመጣልኝ ጥያቄሽ ይቅደም አልኩ።»

ሰብለወንጌል ተነሣች፤ የበረንዳውን ምሰሶ ይዛ ጀርባዋን ሰጠችው። ንዴት ያዛት። «ለምን አልነገርከኝም?» አለች፤ ዞር ብላ ሳታየው።

«አንቺስ?»

ሰይፈሚካኤል ስልኩን አውጥቶ ወደ አጥሩ ሄደና ለገዢው ደወለ። ሲለምን ትሰማለች፤ ወንድሟ ማንንም ሲለምን ሰምታ አታውቅም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ጋሼ እያለ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ እያለ፣ ነገሩ አልቋል፣ መሐንዲስም ይዣለሁ አለው። ሰይፈሚካኤል ተመልሶ መጥቶ ተቀመጠ። ኮቱን አወለቀ። እዚያ ወንበር ላይ ድንገት ሽማግሌ ሆኖ ታያት፤ ያኔ ንዴቷ በረደ፤ አጠገቡ ተቀመጠችና እንደ ልጅነታቸው ትከሻው ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ማን ያየኛል አላለም።

ብዙ ቆይቶ አፍንጫውን ተናፈጠና ስልኳን አመለከታት። መቅጃው እየሠራ ነበር።

«ጥያቄው አልቋል?»

«ቀርቷል።»

«እንግዲያው ጠይቂኝ። ቤቱን እንደሆነ ሰጥተነዋል፤ ያለውን ሁሉ ልንገርሽ። ጻፊው።»

ሰብለወንጌል መነጽሯን በነጠላዋ ጠርጋ አደረገች። ወረቀቱን ዘረጋች። እንደተጻፈው አነበበች።

«በዚህ ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ትዝታዎ ምንድን ነው?»

ሰይፈሚካኤል ወደ ክፍሉ በር አየ። «እህቴ የተወለደች ሰሞን ነው» አለ። «ዝናብ ነበር፤ ጣሪያው በእናቴ አልጋ ላይ ያፈስ ጀመር። አባባና አዴ ቢሊሴ አልጋውን ከነእናቴ ወደ ጥግ መግፋት ነበረባቸው፤ ሕፃኗን የሚይዝ ሰው ጠፋ። ቁጭ በል ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ከእኔ ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። ከባድ ነበረች። እጄ ደነዘዘ፤ ግን ውሰዷት አላልኩም።»

ሰብለወንጌል ይህን ሰምታ አታውቅም። ብዕሯን አነሣች።

«ከዚያስ?» አለች።